ኤችቤዝ ላይ አዲሱ መዝገብ ከላይ እንዲወጣ ሮው ኪዩ እንዴት ይሠራ?

ወንድሜ፣ የፈለግከው የአንድን ደንበኛ የመጨረሻ 20 ግብይቶች ቶሎ ማውጣት ነው። አሁን ሁሉንም አንብበህ አፑ ላይ እየደረደርክ ነው ብለሃል። እሱን ተወው፤ ግብይቱ በበዛ ቁጥር እየተንቀራፈፈብህ ይሄዳል።

ኤችቤዝ (ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያከማች ዳታቤዝ) ረድፎችን የሚደረድረው በሮው ኪዩ (የእያንዳንዱ ረድፍ መለያ ቁልፍ) ባይቶች ነው፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። የግብይቱን ሰዓት እንዳለ ኪዩ ውስጥ ካስገባኸው አሮጌው ከፊት ይሆናል። መላው ሰዓቱን መገልበጥ ነው፤ ከሎንግ (8 ባይት የሚይዝ ሙሉ ቁጥር) የመጨረሻ ትልቅ ቁጥር፣ ማለትም ከ9223372036854775807 ላይ፣ የግብይቱን ሰዓት በሚሊሰከንድ ትቀንሳለህ። ጊዜ በገፋ ቁጥር ውጤቱ ስለሚያንስ አዲሱ ራሱ ከላይ ይወጣል። (ካሳንድራ የሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ቢሆን ቴብሉን ስትፈጥር በቁልቁል ደርድር ብለኸው ትገላገል ነበር።)

ግን የተገለበጠውን ሰዓት ከመጀመሪያ እንዳታደርገው! አዲስ የሚጻፈው በሙሉ አንድ ሪጅን (በአንድ ሰርቨር የሚያዝ የቴብሉ ክፍል) ላይ ይከመራል፤ አንዱ ሰርቨር ሲጨናነቅ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። እኔ በሠራሁበት የክፍያ ሲስተም የደንበኛው መለያ ይቀድማል፣ የተገለበጠው ሰዓት ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ የግብይቱ ቁጥር ይገባል። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ሁለት ግብይት በአንድ ሚሊሰከንድ ከገባ ኪያቸው አንድ ይሆናል፣ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሸፍነዋል፣ ኤረር የሚባል ነገርም አታይም።

መለያው በተራ የሚሰጥ ቁጥር ከሆነ ሃሽ አድርገው (ርዝመቱ ቋሚ ወደሆነ የተዘበራረቀ ኮድ ለውጠው)። የሚጻፈው ዳታ በየሪጅኑ ይበታተናል፣ ርዝመቱም እኩል ይሆናል፤ አለዚያ የደንበኛ 12ን ስትፈልግ የ123ም አብሮ ይመጣብሃል። ሰዓቱን ደግሞ በ8 ባይት ሎንግ አስቀምጠው። የለም፣ በጽሑፍ ይሁን ካልክ የአሃዙ ብዛት ሁሌ እኩል ይሁን፣ ምክንያቱም በጽሑፍ አደራደር 9 ከ10 በኋላ ነው የሚመጣው።

ስታነብ ከደንበኛው መለያ ጀምረህ ስካን አድርግ (በተራ አንብብ)፣ 20 ሲሞላ ወይም የደንበኛው መለያ ሲለወጥ አቁም። ለቀጣዩ ገጽ የመጨረሻውን ኪይ ያዝና ከእሱ ቀጥሎ ካለው ጀምር።

ቴብሉ ቀድሞ በዳታ የተሞላ ከሆነስ? ሮው ኪይ አይቀየርም፣ ሁሉንም እንደገና መጻፍ ሊኖርብህ ነው። ኪይህ ድሮውንም በደንበኛ መለያ ጀምሮ ሰዓት የሚከተለው ከሆነ ግን አትንካው። ከ0.98 ጀምሮ ስካኑን ራሱን ወደ ኋላ ማስኬድ ይቻላል። ወደ ፊት ከሚሄደው ትንሽ ይዘገያል፣ ለ20 ረድፍ ግን ደንበኛህ ልዩነቱን አያውቀውም።