የ90 ቀኑን ሪፖርት «ራስሽ ትሄጃለሽ» ያለሽ ትምህርት ቤት

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ታይላንድ ውስጥ ሁለት የሥራ ዕድል አግኝቻለሁ። አንዱ ባንኮክ ያለ፣ መምህራንን ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርብ ኤጀንሲ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሁሉ በእነሱ በኩል እንደሚያልቅና ፓስፖርቴም ለዚሁ ሲባል ቢሮአቸው እንደሚቀመጥ ነግረውኛል። ሁለተኛው ቺያንግ ማይ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ቪዛውንና የሥራ ፈቃዱን እናስጨርስልሻለን፣ በየ90 ቀኑ የሚደረገውን ሪፖርት ግን ራስሽ ኢሚግሬሽን ሄደሽ ታደርጊያለሽ ይላሉ። ደመወዛቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው ለሠራተኛው ግድ የሌለው መስሎኝ ፈራሁ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ቀኑ ቢያልፈኝስ?»

እህቴ፣ እኔን የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው። ለምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ያስደነገጠሽን ሪፖርት በቅጡ እንየው። ብዙ ሰው ከቪዛ እድሳት ጋር ስለሚያምታታው ያለልክ ይፈራዋል።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የታይላንድ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ከ90 ቀን በላይ አገሪቱ ውስጥ በተከታታይ ከቆየ የሚኖርበትን አድራሻ በየ90 ቀኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። በቃ፣ ይኸው ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽን አያራዝምም፣ አያሳጥርምም፤ ክፍያም የለውም። ቲ ኤም 47 የሚባል ፎርም አለው፤ ስም፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሽበት ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ። ታይኛ የማይችል ሰው ያለአስተርጓሚ ይሞላዋል፤ ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛም ተጽፈዋል። የእንግሊዝኛ መምህርት ይህን ፎርም ፈራሁ ስትል ትንሽ ፈገግ ማለቴን አልደብቅሽም።

ጊዜውም ጠባብ አይደለም። ከቀነ ገደቡ 15 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ቀኑ ካለፈ እስከ 7 ቀን ድረስ ያለቅጣት ይቀበሉሻል። ከዚያ ካለፈ በራስሽ ፈቃድ ስትሄጂ 2,000 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ትቀጫለሽ። ሳትሄጂ ቀርተሽ የኢሚግሬሽን ሰዎች ከያዙሽ ሕጉ እስከ 5,000 ባት ይፈቅዳል፣ እስክታሳውቂ ድረስም በየቀኑ እስከ 200 ባት ይጨምራል። ገንዘብ ያስወጣል፣ ያናድዳል፤ አንድ ጊዜ ስለዘገየሽ ብቻ ግን ሻንጣሽን አያሸክሙሽም። ሻንጣ የሚያሸክመው የመኖሪያ ፈቃዱ ራሱ ሲያልፍ ነው። እሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ቅጣት ነው፤ በቀን 500 ባት እየተቆጠረ እስከ 20,000 ይደርሳል፣ ረጅም ጊዜ ከቆየ ደግሞ ለዓመታት ተመልሶ እንዳይገቡ ያስከለክላል። እነዚህን ሁለት ቀኖች ለየብቻ ያዢ። የ90 ቀን ሪፖርቴን በጊዜው አድርጌአለሁ ብሎ ተዝናንቶ የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው አለ፤ በሪፖርቱ መስኮት ያለው ባለሥልጣን ያንን ሊያስታውስለት ግዴታ የለበትም።

አሁን ወደ ቢሮው። ሪፖርቱ የሚደረገው በምትኖሪበት ክፍለ ሀገር ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ነው። የቺያንግ ማዩ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው፤ ከተማው ውስጥ ለሚኖር ሰው ሩቅ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30 ይከፈታል፣ 10:30 ላይ ይዘጋል፤ የምሳ ሰዓት ላይ መስኮቶቹ ባዶ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባትሄጂ ይሻላል። ቅዳሜና እሁድ፣ የሕዝብ በዓላትም ዝግ ነው። በተለይ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ያለውን ሶንግክራን የተባለውን የታይላንድ አዲስ ዓመት በዓል ልብ በይ፤ ቀንሽ እዚያ ላይ ከወደቀ ሳምንት ቀደም ብለሽ ጨርሺው። ስትገቢ የ90 ቀን ሪፖርት መሆኑን ትናገሪያለሽ፣ ተራ ቁጥር ትወስጃለሽ። ከቪዛ እድሳቱ ሰልፍ ጋር እንዳትቀላቀይ፤ እዚያ ሰው ግማሽ ቀን ይቀመጣል፣ ለአንቺ ጉዳይ ግን የተለየ መስኮት አለ። ፓስፖርቱን፣ ፎርሙንና ያለፈውን ሪፖርት ወረቀት ትሰጫለሽ። የፎቶውን ገጽ፣ የቪዛውን ገጽና የመጨረሻውን መግቢያ ማኅተም ኮፒ አድርገሽ፣ እያንዳንዱን ፈርመሽበት ያዢ፤ አንዳንዱ ቢሮ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ተጠይቆ ማጣት ግን ኮፒ ቤት ፍለጋ ያሯሩጣል። ባለሥልጣኑ ኮምፒውተሩን ይነካካል፣ ትንሽ ወረቀት ያትማል፣ ማኅተም ያደርግበትና ፓስፖርትሽ ውስጥ በስቴፕለር ያያይዛታል። እዚያች ወረቀት ላይ የሚቀጥለው ቀን ተጽፏል። መስኮቱን ሳትለቂ አንብቢው፣ ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ጊዜ የሚወስደው ተራ መጠበቁ ነው እንጂ መስኮቱ ላይ ያለው ጉዳይ ደቂቃዎች ናቸው።

የቀን ነገር ካነሳን፣ ታይላንድ ዓመቱን በቡድሃ አቆጣጠር ስለምትጽፍ በመንግሥት ወረቀቶች ላይ 2026ን 2569 ሆኖ ታገኚዋለሽ። ወርና ቀኑ ግን የፈረንጁ ነው። እኛ ደግሞ በልማድ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እንመልሰዋለን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ባትመልሺው ነው የምመርጠው። ሦስት የቀን አቆጣጠር በአንድ ራስ ውስጥ ሲገናኝ 7ቱ የይቅርታ ቀኖች በቀላሉ ይበላሉ። ከአገር ወጥተሽ ከተመለስሽ ደግሞ ቆጠራው ከገባሽበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ አሮጌዋ ወረቀት ላይ ያለው ቀን አይሠራም።

አንዴ በአካል ካሳወቅሽ በኋላ ቀጣዮቹን በኢንተርኔት ማድረግ ይቻላል፣ አድራሻሽና ፓስፖርትሽ እስካልተለወጠ ድረስ። ድረ ገጹ አንዳንዴ ይለግማል፣ ማመልከቻውንም ያለ በቂ ምክንያት ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ጊዜው እንደተከፈተ ሞክሪው፤ ካልሆነ በእግርሽ ለመሄድ ቀን ይተርፍሻል። በአደራ ፖስታ መላክም አለ፣ 15 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። ሌላ ሰው ወረቀቱን ይዞልሽ ቢሄድም ይቀበላሉ፤ ኤጀንሲው «እኛ እናደርግልሻለን» ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው፣ በራሱ ሕገወጥ ነገር የለበትም።

እኔን ያላማረኝ ፓስፖርቱ «ቢሮአችን ይቀመጣል» የሚለው ነው። ለሪፖርቱ ፓስፖርቱ የሚያስፈልገው በ90 ቀን አንዴ፣ ለዚያውም ለአንድ ጠዋት ነው። ለቀሩት ቀናት እነሱ ጋ የሚቀመጥበት ምክንያት ምንድን ነው? ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የውጭ ዜጎችን ሥራ የሚመለከት ድንጋጌ፣ የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ ወይም የመታወቂያ ሰነድ ይዞ መከልከል ያስቀጣል። ኤጀንሲው ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ፓስፖርትሽ በእነሱ መሳቢያ ውስጥ እያለ ደመወዝ ቢዘገይ፣ የምትመደቢበት ትምህርት ቤት ቢለወጥ፣ የማስተማሪያ ሰዓት ቢጨመር «እለቃለሁ» የሚለው ቃል ከአፍሽ ለመውጣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ሪፖርቱን ቢረሱት የሚቀጣው የአንቺ ስም ነው። ሕጉ ግዴታውን የጫነው በነዋሪው ላይ ነው፣ በአሠሪው ላይ አይደለም። የቺያንግ ማዩ ትምህርት ቤት «ራስሽ ትሄጃለሽ» ሲልሽ የነገረሽ እውነቱን ነው።

የኤጀንሲው ነገር ሌላም ጥያቄ አለበት። ዋና ቢሮው ባንኮክ ነው ማለት አንቺ ባንኮክ ትኖሪያለሽ ማለት አይደለም። ባንኮክን የሚያዋስኑት ኖንታቡሪ ወይም ሳሙት ፕራካን ክፍለ ሀገር ያለ ትምህርት ቤት ሊመድቡሽ ይችላሉ፤ ያኔ እዚያ ከተከራየሽ የምታሳውቂው በዚያው ክፍለ ሀገር ቢሮ ነው። ባንኮክ ውስጥ ከሆንሽ ደግሞ ዋናው ቢሮ ቼንግ ዋታና ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ነው፣ ከከተማው ሰሜን ጫፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ሮዝ የባቡር መስመር በአቅራቢያው ስለሚያልፍ ከድሮው ይሻላል፤ ሆኖም ከደቡቡ ጫፍ ለሚነሳ ሰው ቀን ይበላል። ቤት ስትፈልጊ ከኪራዩና ከትምህርት ቤቱ ርቀት ቀጥሎ «የእኔ ኢሚግሬሽን የትኛው ይሆናል?» የሚለውንም ጠይቂ። በዓመት ወደ አራት ጊዜ የምትመላለሺበት ቦታ ነው።

ከቤት ጋር የተያያዘ አንድ ወረቀት አለ፣ ቲ ኤም 30 ይባላል። የውጭ ዜጋ ሲያሳድር በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ የአከራዩ ግዴታ ነው። ብዙ አከራይ አያውቀውም፣ ወይም ቸል ይለዋል፤ መስኮቱ ላይ «ደረሰኙ የታለ?» የምትባይው ግን አንቺ ነሽ። የኪራይ ውል ከመፈረምሽ በፊት አከራዩን ቲ ኤም 30 ታደርጉልኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ካደረጉም የደረሰኙን ፎቶ አስልኪ። ፊቱን ያጠቆረ አከራይ ካጋጠመሽ ሌላ ቤት እይ። ይህን ያልኩት ለምቾት ብዬ አይደለም፤ የ90 ቀን ሪፖርት መስኮት ላይ ይህች ወረቀት ባለመኖሯ ሰው ሊመለስ ይችላል።

እንግዲህ አሠሪ የሚመዘነው የ90 ቀኑን ሪፖርት ያደርግልኛል አያደርግልኝም በሚለው አይደለም። ሊመዘን የሚገባው አንቺ ብቻሽን ልትጨርሺው በማትችይው ላይ ነው። ወደ አገሪቱ የምትገቢው በምን ቪዛ ነው? ለሥራ የሚሆነው ኖን ኢሚግራንት ቢ ነው። «በቱሪስት ቪዛ ነይ፣ እዚህ እንቀይረዋለን» ካሉሽ፣ መቀየሩ የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም፣ የሥራ ፈቃዱ ሳይወጣ ክፍል ውስጥ እንደማያስገቡሽ በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ፤ ያለፈቃድ ማስተማር ወንጀል ነው፣ የሚያዘውም የሚያስተምረው ሰው ነው። የሥራ ፈቃዱ ላይ አሠሪ ሆኖ የሚሰፍረው ማን ነው፣ ኤጀንሲው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ከታይላንድ የመምህራን ምክር ቤት የሚጠየቀውን ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ ማን ያመለክትልሻል? በየዓመቱ ለመኖሪያ ፈቃድ ማራዘሚያ የሚከፈለውን 1,900 ባት ማን ይሸፍናል? ለእረፍት አገር ቤት ስትመጪስ? ከመውጣትሽ በፊት የመመለሻ ፈቃድ (በእንግሊዝኛ ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት) ካላወጣሽ የተራዘመልሽ ፈቃድ አየር ማረፊያው ላይ ይሞታል። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለተደጋጋሚ 3,800 ነው፤ ከ90 ቀኑ ሪፖርት ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው ይህንን መርሳት ነው። ሥራ ስትለቂ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር አብሮ ያበቃል። የሪፖርት ወረቀትሽ ገና ሁለት ወር ቢቀራትም አታድንሽም። ስለዚህ አዲሱ አሠሪ ወረቀቱን ሳያዘጋጅ መልቀቂያ አታስገቢ።

ለሁለቱም አጭር ኢሜይል ጻፊ። ለቺያንግ ማዩ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ለኢሚግሬሽን የምሄድበት ግማሽ ቀን ከደመወዜና ከዓመት ፈቃዴ ሳይቆረጥ ይሰጠኛል ወይ፣ የማራዘሚያውን ክፍያ የሚችለው ማን ነው፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሳደርግ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው አብሮኝ ሊሄድ ይችላል ወይ። የመጨረሻውን ለመጠየቅ አትፈሪ፤ የውጭ መምህራን ያሉበት ትምህርት ቤት ይህን የለመደ ጸሐፊ አያጣም፣ ቀጥሎ ብቻሽን ትሄጃለሽ። ለኤጀንሲው ደግሞ ፓስፖርቴ እኔ ጋ ይሆናል፣ ለጉዳይ ስትፈልጉት በፊርማ ተቀብላችሁ በዚያው ሳምንት ትመልሱልኛላችሁ ብለሽ ጻፊና ምን እንደሚሉ እይ።

የቺያንግ ማዩ ለሦስቱም በግልጽ ከመለሰልሽ ፈርሚ። ኤጀንሲው የፓስፖርቱን ጉዳይ ውሉ ላይ ካስገባና የምትመደቢበትን ትምህርት ቤት በስም ካሳወቀሽ ሁለቱን ውሎች ላኪልኝ፤ ያኔ የማስተማሪያ ሰዓቱንና በትምህርት ቤት እረፍት የሚከፈለውን ደመወዝ ጎን ለጎን አድርገን እናያለን።