«ገደለው» ወይስ «ገደላት»?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለወጣው የሳይንስ ልቦለድ ፊልም፣ «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ»፣ አስተያየት ስጽፍ «ፊውሪዮሳ ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርይ ናት» አልኩ። ጓደኛዬ «ሴት» ጽሑፍ ላይ አያምርም፣ «እንስት» ነው የሚባለው አለኝ። ማናችን ልክ ነን? «ኢኮፌሚኒዝም»ንስ በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ የተጣላችሁት በትርፍ ቃል ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ናት» ብሎ እየጨረሰ «ሴት» እዚያ ምን ይሠራል? «ፊውሪዮሳ ጠንካራ ገጸ ባሕርይ ናት» ቢሉ ወንድ የምትመስለው አንባቢ የለም። የእንግሊዝኛ ግሥ ጾታ አይለይም፤ ስለዚህ ከፊት አንድ ቃል መለጠፍ ግድ ይሆንበታል። እኛ ግን ሳያስፈልገን ልማዱን ተውሰን መጣን።

የግድ ከሆነ «ሴት» ይበሉ። «እንስት» ላይ የቆየ ቂም አለኝ። ምንጩ የግእዙ «አንስት» ነው፤ እሱ ደግሞ የ«ብእሲት» (የሴት) ብዙ ቁጥር ነው። «ቡርክት አንቲ እምአንስት» ስንል «ከሴቶች መካከል» ማለታችን ነው። ሥሩን ከተከተልን እንደ ፊውሪዮሳ ያለችን አንዲት ሹፌር «እንስት» ማለት «ሴቶች» ብሎ እንደመጥራት ነው። «አማርኛ ግእዝ አይደለም፤ ቃሉ ሲሻገር ነጠላ ሆኗል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ምን ይደረጋል። የስፖርት ዜናውም «እንስቷ አትሌት» ማለቱን አይተውም። «ሴት» ተራ፣ «እንስት» የተከበረ ነው የሚለውን ግን አልውጠውም። «ተባትና እንስት ይሁን» የተባለው እኮ ለኖኅ ነው፤ እኔም ቃሉን ስሰማ የሚታየኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መርከብ የሚገባ እንስሳ ነው። ያን የሚያህል ከባድ መኪና በበረሃ የምታበር፣ አንድ ክንዷ ብረት የሆነ ሴት እዚያ ሰልፍ ውስጥ ምን ትሠራለች?

አንድ ቦታ ላይ ግን ተሸንፌያለሁ። አማርኛ ብዙ ቁጥር ላይ ጾታ ይጥላል። «ሸሹ» ብቻ ነው ያለን። «ገጸ ባሕርያቱ ሸሹ» ካሉ ፊውሪዮሳና ከእስር ይዛቸው የጠፋችው አምስቱ ሴቶች መሆናቸው አይታወቅም። እዚያ «ሴት ገጸ ባሕርያት» ይበሉ፣ አልቆጣም።

«ጠንካራ» የሚለውን ራሱን ግን ይጠርጥሩት። አፋችን ላይ የደፋር ሴት ትልቁ ሙገሳ «ወንድ ናት!» ነው። ብዙ የፊልም ጸሐፊም ጠንካራ ሴት ፈጠርኩ ሲል ይቺኑ ሙገሳ ነው በሥዕል የሚያሳየን፤ ቡጢና ጠመንጃ። ቃሉ ግን «ገጽ» ብቻ አይደለም፣ «ባሕርይ»ም አለበት። (ባሕርይ በግእዝ ዕንቁም ማለት ነው፣ ከባሕር የሚወጣው። ለጥያቄዎ አያስፈልግም፣ ግን ሳልነግርዎ አላልፍም።) ቡጢ ብቻ ያላት ገጽ አላት፣ ባሕርይ የላትም።

ወደ «ኢኮፌሚኒዝም» ልምጣ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀችው ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ፍራንሷዝ ዶቦን ናት። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ተፈጥሮን የሚበዘብዘውና ሴትን የሚረግጠው ሥርዓት አንድ ነው የሚል ነው። በፊልሙም ውኃውንም ሴቶቹንም የቆለፈባቸው አንድ ሰው ነው። «ኢኮ» የግሪኩ «ኦይኮስ» ነው፣ ቤት ማለት። የእኛው «ምኅዳር» ደግሞ ከ«ኀደረ»፣ ከማደር፣ የመጣ ነው። ቤትና ማደሪያ! እንዲህ ልክክ የሚል ትርጉም ስንቴ ይገኛል? (እባክዎ በ«ኀ» ይጻፉት። በ«ህ» ሲጻፍ ማደሪያው ይጠፋል።) ስለዚህ «ምኅዳራዊ ፌሚኒዝም» እላለሁ። ከእኔ በቀር ብዙ ሰው ሲለው አልሰማሁም፤ «ኢኮፌሚኒዝም» እንዳለ ገብቷል፣ መግፋትም አይቻልም።

እኔን ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሴቶቹ ታስረው የኖሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፤ ዓለምን ማን ገደለ? እንግሊዝኛው ዓለምን ወንድም ሴትም አላደረጋትም። አይተውታል፣ እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ «አላደረጋትም» ብዬ «ት» አመለጠችኝ። በአማርኛ ወግ ሲጻፍ «ገደለው» ወይም «ገደላት» መባሉ አይቀርም። «ምድር» ቢሆን ኖሮ ጣጣ አልነበረውም፤ ከኦሪት ጀምሮ «ምድርም ባዶ ነበረች» ነው። «ዓለም» ግን ወላዋይ ነው። መጽሐፍ «ይህ ዓለም» ይላል፣ እኛ በምሬት ስናወራ «ይህች ዓለም» እንላለን። ኢኮፌሚኒስቶቹም ራሳቸው እዚህ ላይ አይስማሙም። ገሚሶቹ ምድርን እናት ማለት ያስከብራታል ይላሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱንም ያስረገጣቸው ይኸው ምሳሌ ነው ባዮች ናቸው። ተርጓሚው ወደደም ጠላም በአንዲት ፊደል ወገን ይይዛል።

እኔ «ገደላት» እላለሁ። ማስረጃ አይጠይቁኝ፣ የጆሮ ነገር ነው። «ገደለው» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ቢገጥመኝም ተሳስተሃል ልለው አልችልም። ቅር ይለኛል እንጂ።