ድሮኑ ኢንሹራንስ አለው፣ የረጨው መድሃኒትስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፍላችሁ ከመራዊ ነው። አራት ልጆች ተደራጅተን ባለ 40 ሊትር የእርጭት ድሮን ገዝተን ለገበሬው በክፍያ እንረጫለን፣ ፈቃድም አውጥተናል ኢንሹራንስም ገብተናል። ጥር ላይ ቆጋ መስኖ ውስጥ የአንድ ሰው ስንዴ ላይ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድሃኒት ስንረጭ ነፋስ ተነሳ፣ ትንሽ ስለቀረን እንጨርሰው ብለን ቀጠልን። ከሳምንት በኋላ የጎረቤቱ ሁለት ቃዳ መሬት በርበሬ ቅጠሉ ተጠማዞ ተጨማዶ አገኘነው። ኢንሹራንሱ ጋ ስንሄድ ድሮናችሁ አልተሰበረም ምኑን ነው የምንከፍለው አሉን፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ካሳውን ቁረጡና ፈርሙ እያሉን ነው። ታዲያ ያን ሁሉ አረቦን የከፈልነው ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በቅድሚያ ለባለ በርበሬው በጣም አዝኛለሁ፣ ችግኙን ከመደብ አንስቶ ተክሎ ኮትኩቶ እዚህ ለማድረስ ስንት ጉልበት እንደሚያልቅ እናንተም የገበሬ ልጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ቱፎርዲ ስንዴና ጤፍን የሚተዋቸው የሣር ወገን ስለሆኑ ነው፣ በርበሬ፣ ባቄላ፣ ኑግ፣ ቲማቲም ግን ቅጠለ ሰፊ ስለሆኑ ለሱ ያው አረም ናቸው። ድሮን ደግሞ የሚረጨው ከሰብሉ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ በደቃቅ ጠብታ ስለሆነ ነፋስ ካለ ጠብታው ድንበር አይጠብቅም።

ወደ ኢንሹራንሱ ስንመጣ፣ ከነገርከኝ እንደምረዳው እናንተ የገዛችሁት የድሮኑን የራሱን ጉዳት ነው፣ ማለትም ባህር ዛፍ ወይ የመብራት ሽቦ ነክቶ ቢወድቅ፣ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ የሚከፍለውን። ወድቆ ሰው ወይ ከብት ቢጎዳ የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ሽፋን የሚባለው ነው፣ እሱ ለብቻው ይገዛል፤ አንዳንዱ ሰው የመኪናው ሦስተኛ ወገን ግዴታ ስለሆነ ድሮንም ይጨምራል ይመስለዋል፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግን የተሽከርካሪ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ላይ ነው፤ ሦስተኛ ወገን ብትገዙ እንኳ ብዙ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ውስጥ የኬሚካል ብክለትና ነፋስ የወሰደው እርጭት ከሽፋኑ ውጪ ተብሎ ይጻፋል፣ እንዲገባ ከተፈለገ ተጨማሪ ተከፍሎበት ኢንዶርስመንት በሚሉት፣ ከውሉ ጋር በሚያያዝ ተጨማሪ ጽሁፍ መግባት አለበት። እሱም ገብቶ የምትረጩለት ሰው የራሱ ስንዴ በመድሃኒቱ ቢቃጠል ብዙ ጊዜ አይከፈልም፣ የሚሸፈነው የጎረቤት ማሳ ነው። ለእርጭት ድሮን ዋናው አደጋ የድሮኑ መውደቅ ሳይሆን የሚያፈሰው ነገር ስለሆነ እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ሽፋን የሌለው ኢንሹራንስ ግማሽ ኢንሹራንስ ነው፣ ሲሸጡላችሁም ይሄን ሊነግሯችሁ ይገባ ነበር።

አናውቅም ነበር ማለት ደግሞ ከካሳ አያድንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር ተጠቅሞ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል፣ ጥፋት ባይኖርበትም። እናንተ ላይ ደግሞ ነፋሱን እያያችሁ መቀጠላችሁ አለ።

አሁን ምን እናድርግ ላልከው፣ ዛሬውኑ የፖሊሲውን ሙሉ ደብተር አውጡ፣ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉና ሦስተኛ ወገን የሚል ክፍል እንዳለው እዩ፣ በቃል የተነገራችሁን ብቻ አትመኑ። ካለው ለድርጅቱ በደብዳቤ አሳውቁና ኮፒውን ማህተም አስመቱበት፣ መልሱ በጽሁፍ እስኪመጣ ድረስም ሽማግሌ ፊት የገንዘብ መጠን ጠቅሳችሁ እንዳትፈርሙ፣ ምክንያቱም እነዚህ ፖሊሲዎች ላይ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋትን ማመንና ካሳ መቁረጥ የተከለከለ ነው፣ ከፈረማችሁ በኋላ ይሄንኑ ይዘው አንከፍልም ሊሏችሁ ይችላሉ። ይሄን ስል ሽማግሌ ናቁ ማለቴ አይደለም እግዜር ያሳያችሁ፣ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፣ ማሳውን አብራችሁ እዩ፣ ሰውየው ብቻዬን ቀረሁ እንዳይል፣ ቁጥሩን ብቻ አቆዩት። ሽፋኑ ከሌለ ግን ድርጅቱን የምትጠብቁበት ምክንያት የለም፣ ሽምግልናው ከፍርድ ቤት ምልልስ በብዙ ይሻላል፣ በስንት ጊዜ እንደምትከፍሉም እዛው ተነጋገሩ። በሁለቱም መንገድ የወረዳው ግብርና ባለሙያ ጉዳቱን ይለካላችሁ፣ አንዳንዱ በርበሬ ሊያገግም ስለሚችል ሁሉም ጠፍቷል ተብሎ ባይገመት ጥሩ ነው። የድሮኑ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው የበረራ መዝገብ መንገዱን፣ ከፍታውን፣ የረጨውን ሊትር ስለያዘ እንዳይጠፋ አስቀምጡት፣ የመድሃኒቱን ጠርሙስና ደረሰኝም እንደዛው።

ለሚቀጥለው ዓመት ስትዋዋሉ ዋጋውን አሳንሳችሁ አታስመዝግቡ። 1,200,000 ብር የሚያወጣ ድሮን አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ በ600,000 ብታስገቡት፣ የ300,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የዋጋውን ግማሽ ብቻ ስላስመዘገባችሁ ካሳውም በግማሽ ስለሚሰላ 150,000 ነው የምታገኙት፣ ከሱም ላይ ኤክሰስ የሚሉት፣ እናንተ ራሳችሁ የምትችሉት ድርሻ ይቀነሳል። ባትሪው፣ ቻርጀሩና ጄኔሬተሩ በስም ካልተጻፉ አልተሸፈኑም በሉ። አብራሪው ማነው የሚለውም ይጻፍ፣ ስልጠና የሌለው ጓደኛችሁ አብርሮት ቢወድቅ አይከፍሉም። ጦርነት፣ ሁከትና በመንግስት አካል መያዝም አብዛኛው ፖሊሲ ላይ ከሽፋን ውጪ ነው፣ አሁን ባለንበት ሁኔታ ጎጃም ውስጥ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሰው እንደሚደነግጥ ታውቃላችሁ፣ ስለዚ ፈቃዱ በኪሳችሁ ቢኖርም ከመነሳታችሁ በፊት ለቀበሌውም ለአካባቢው ሰውም ንገሩ። ያኔ ንብ ያለው ሰውም ይሰማል፣ በተለይ ፀረ ተባይ የምትረጩ ከሆነ ንቧ ቀፎዋ እስክትገባ ወደ ማታ ጠብቁለት።

የፖሊሲውን ከሽፋን ውጪ የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ አንብቤ በሚቀጥለው እትም እመልስላችኋለሁ።