የዓይን ግፊቴ ልከኛ ነው፤ ግላኮማ ከየት መጣ?

በዓይን ክሊኒክ ዓመታት ስለሠራሁ፣ ስለ ደም ሥርና ስለ ዓይን የምትጠይቁኝን በማውቀው ልክ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የዓይን ግፊቴ 15 ነው፤ ሐኪሙ ግን ግላኮማ አለብሽ አለኝ። ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይሳሳት ይችላል፣ እህቴ። ግላኮማ የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት በሽታ ነው። 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የዓይን ግፊት የተለመደው የላይኛው ወሰን እንጂ ዋስትና አይደለም። በጃፓን ታጂሚ ከተማ በተደረገ ጥናት፣ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ክፍት የሆነበት የግላኮማ ዓይነት ከተገኘባቸው ሰዎች 92 በመቶው ግፊታቸው ከ21 አልበለጠም ነበር። ደሙ ወደ ዓይን ነርቭ በበቂ ሁኔታ መድረሱም መታየት አለበት። መስኖ ባለበት አገር ያደገ ሰው የውኃ አባትን ያውቃል፤ ወንዙ ሲቀንስ ቦዩን ይከፍታል፣ ሲሞላ ያጠብባል። ጤናማ የደም ሥርም እንዲሁ ነው። የአንዳንድ ሰው ግን ይህ ይሳነዋል፤ ነርቩ አንዴ ደም ያጥረዋል፣ አንዴ ይመለስለታል። በስዊዘርላንድ ባዝል የሠሩት ፕሮፌሰር ጆሴፍ ፍላመር፣ ከቋሚው እጥረት ይልቅ ይህ መዋዠቅ ይጎዳል ይላሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። በክረምት ጣቶቼ በረዶ ይሆናሉ፤ ማይግሬንም አለብኝ። ለዓይኔ ልስጋ?

መልስ፦ ጣቱ የሚቀዘቅዝ ሰው ሁሉ ግላኮማ የለበትም፤ አብዛኛው ጤነኛ ነው። ፍላመር የገለጹት ስብስብ ቀዝቃዛ እጅና እግር፣ ዝቅተኛ የደም ግፊት፣ የውኃ ጥም ማነስ፣ ቶሎ እንቅልፍ አለመውሰድ ነው፤ በቀጫጭን ሴቶች ይበዛል። ይህ ካለብዎትና ከቤተሰብ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ፣ የዓይን ግፊቱን ብቻ ለክተው እንዳይሸኙዎት። የዓይን ነርቩና የዕይታ መስኩም (ዓይን ዙሪያውን የሚያይበት ስፋት) ይመርመር።

ጥያቄ፦ ግላኮማ ያለባቸው አባቴ የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱት ማታ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስንተኛ የደም ግፊት በራሱ ይወርዳል። ክኒኑ ሲጨመርበት በአንዳንድ ሰው ከልክ በላይ ይወርድና ነርቩ ሌሊቱን ደም ያንሰዋል። ክኒኑን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ ስትሮክ ከዚህ ይብሳል። የዓይን ሐኪሙና የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ተነጋግረው ሰዓቱን ሊቀይሩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቡናስ?

መልስ፦ የዓይን ግፊትን ለአጭር ጊዜ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። በልኩ ከሆነ አልከለክልም፤ እኔም እየጠጣሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ጥያቄ፦ የዓይን ግፊቴ ልከኛ ከሆነ ግፊት የሚቀንሰው የዓይን ጠብታ ለምን ታዘዘልኝ?

መልስ፦ በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ልከኛ የነበረውን ግፊት በ30 በመቶ መቀነስ ጉዳቱን በብዙዎች ላይ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ስለዚህ ምንም ባይታወቅዎትም ጠብታውን አያቋርጡ፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም።