ዋሻውን ከመክፈታችሁ በፊት ለኩት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ይህ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከምታስተምሪበት ከተማ አጠገብ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ አለ። ውስጡ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ አለው። በግርጌው ደግሞ ካባ ተከፍቶ ድንጋይ መውጣት ጀምሯል። ተማሪዎችሽ የበጎ ፈቃድ ማኅበር መስርተው ዋሻውን አጽድተው ለጎብኚ መክፈት ይፈልጋሉ። «ከየት እንጀምር?» ነው ያልሽው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለን አንድ ኮረብታ ለመጠበቅ ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር ዓመታት ቆይቻለሁ። የኮረብታውን ስም አልጠራም። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ፣ አቦ፣ አካፋውን አስቀምጡት! ዋሻ አይጠረግም። የዋሻ ወለል ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ከከተማችን በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቁት አንሪ ደ ሞንፍሬድና ፒየር ቴያር ደ ሻርደን የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። ከዚያም በ1930ዎቹና በ1970ዎቹ በባለሙያ ተቆፈረ። ከወለሉ ምን ወጣ? የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰው መንጋጋ፣ ደግሞም 4,213 ቁራጭ የቀለም ድንጋይ፣ በክብደት 40 ኪሎ ገደማ። የዛሬ 40,000 ዓመት አካባቢ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ቀይ ቀለም ይፈጩ ነበር። ይህንንም ለ4,500 ዓመት ያህል አላቋረጡም። ከባለሙያዎቹ በፊት አንድ ትጉህ የጽዳት ዘመቻ ደርሶበት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ገደል ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በእጅ የሚለቀመውን ብቻ ልቀሙ። ፕላስቲክ፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ ጠርሙስ። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስም ካለ በሽቦ ብሩሽ እንዳትፈትጉት። ከሥሩ የጥንት ሥዕል ሊኖር ይችላል።

ከጣሪያ የተንጠለጠሉትንና ከወለል የበቀሉትን ድንጋዮችም እንዲሁ። በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚያድጉት። ምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ ካሉ ዋሻዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ተመራማሪዎች እነዚህን ድንጋዮች ወስደው የጥንቱን ዝናብ አንብበውባቸዋል። ለሳሎን ጌጥ ተብሎ የሚሰበረው እሱ ነው።

ስለ ሌሊት ወፎቹ «ጭስ አጭሰን እናስወጣቸው?» ብለሻል። በፍጹም። የሌሊት ወፍ የሚሸከመው የማርበርግ ቫይረስ ጂንካ ላይ ወረርሽኝ ካስነሳ በኋላ እኛም ዘንድ ይሄ ሐሳብ መጥቶ ነበር። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። በ2008 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ፓይተን ዋሻ የገባች ኔዘርላንዳዊት ቱሪስት በማርበርግ ሞታለች። ግን እዚያው ኡጋንዳ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ የሆነውን ስሚ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ታመሙ፣ የሌሊት ወፎቹ ተፈጁ። ቆይተው ሌሎች መጥተው ሰፈሩ። ሲመረመሩ በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሽታው በዚያው አካባቢ እንደገና ተነሳ። መፍትሔው እነሱ ያደሩበት ክፍል አለመግባት ነው። ኩሳቸው የተከመረበትን አቧራም አታስነሱ፣ ሳንባ የሚይዝ ፈንገስ አለበት። ነፍሳት የሚበሉት ዓይነቶች ከሆኑ ደግሞ ለገበሬው ከፀረ ተባይ ይሻላሉ።

አሁን ወደ ጎብኚ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። የእኔ አቋም፣ ዋሻው ሳይለካና ጠባቂ ሳይኖረው ፎቶውን እንኳ አትልቀቁ የሚል ነው። ቦታው በታወቀ በሳምንቱ ችቦ ይዞ የሚገባ፣ ወርቅ አለ ብሎ የሚቆፍር፣ ስሙን በቀለም የሚጽፍ ይመጣል። የእኛን ኮረብታ ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ሶፍ ዑመርን ተመልከቺ። የወይብ ወንዝ መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ውስጥ ይሄዳል፤ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብም ሰፍሯል። ግን ከመዝገቡ በፊት ለዘመናት የኖረው ሕዝቡ ስለሚያከብረውና ስለሚሳለመው ነው። የእናንተም ዋሻ ባሕታዊ የኖረበት ወይም ጸበል ያለበት ሊሆን ይችላል። ቄሱንና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። እረኞቹንም። እረኛ የማያውቀው የዋሻ አፍ የለም።

ዋናው ሥራ መለካት ነው። ለምን? ካባው የሚሄድበትን አቅጣጫ ማንም በስሜት አያስቀይረውም። በካርታ ግን ይቻላል። እኛ ዋሻው ከአፉ ወደ ኮረብታው መሐል የሚገባ ይመስለን ነበር። ስንለካው ዞሮ የሚሄደው በፍየል መንገዱ ሥር፣ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ጎን ሆኖ አገኘነው።

ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። 30 ሜትር ሜትሮ፣ ኮምፓስ፣ የቁልቁለት መለኪያ፣ ስኩዌር ደብተር፣ እርሳስ። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ የሜትሮውን ጫፍ ይዞ ወደፊት ይሄዳል፣ ሁለተኛው ርቀት፣ አቅጣጫና ቁልቁለት ያነባል፣ ሦስተኛው ይጽፋል፣ ንድፉንም ይስላል። ጸሐፊው የሰማውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይድገመው። ዋሻ ውስጥ «ሃያ» እና «ሰባ» ይምታታሉ። በየነጥቡ የግራና የቀኝ ግድግዳ፣ የጣሪያና የወለል ርቀት ይመዝገብ። ነጥብ ለመለየት ቀለም አትቀቡ፣ ትንሽ ወረቀት አስቀምጣችሁ ስትወጡ ሰብስቡት። ኮምፓሱን ከስልክ፣ ከቀበቶ ብረትና ከራስ ባትሪ አርቁት፤ መርፌው ይስታል።

ከዚያ የተማሪዎችሽ ሳይንና ኮሳይን ሥራ ያገኛል። ርቀቱን በቁልቁለቱ ኮሳይን ስታባዢው የካርታው ርዝመት ይወጣል፣ በሳይን ስታባዢው ደግሞ ምን ያህል እንደወረዳችሁ። ካርታው ሲያልቅ ደስ የሚለው ክፍል ይመጣል። ከዋሻው አፍ ተነስታችሁ ያንኑ አቅጣጫና ርቀት ከላይ፣ ኮረብታው ጀርባ ላይ ሂዱት። በየነጥቡ ድንጋይ ቆልሉ፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን ጻፉ። ዋሻው ከእግራችሁ ሥር የት እንዳለ ማንም በዓይኑ ያየዋል። እኛ የካባውን ልጆች ጠርተን በቁልሎቹ መሐል አብረን ሄድን። ፎርማናቸው «እዚህ ላይ ነው ድማሚት የምናፈነዳው?» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ጣሪያው ቢደረመስ መጀመሪያ የሚገቡት እነሱ ናቸው።

እነዚያ ልጆች ጠላት አይደሉም። አብዛኞቹ በማኅበር ተደራጅተው እንጀራ የሚበሉ ናቸው። የኖራ ድንጋይም ያስፈልጋል። የሲሚንቶ ዋናው ጥሬ ዕቃ እሱ ነው፣ የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው በዚሁ ድንጋይ ነው። «ኮረብታው ሁሉ አይነካ» ብላችሁ ከተነሳችሁ ትሸነፋላችሁ። «ከዚህ ቁልል ወዲህ አትምጡ» ብትሉ ግን ሰሚ ታገኛላችሁ። እኛም ሁሉን አላዳንንም። አንድ ትንሽ የጎን ዋሻ ካርታው ሳያልቅ ሄዷል።

የስምምነቱን መስመር በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ቀበሌው፣ የካባው ማኅበርና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ፣ ማህተም ይመታበት። ቅጂውን ከካርታው ጋር ለወረዳው የማዕድን፣ የአካባቢ ጥበቃና የባህልና ቱሪዝም ክፍሎች አስገቡ፣ «ተቀብለናል» የሚል ፊርማም ውሰዱ። አለቃ ይቀየራል፣ ወረቀቱ ይቀራል። ሁለት ሕጎች ይዛችሁ ሂዱ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 በማዕድን ወይም በግንባታ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ሁለተኛው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ነው። እሱ ደግሞ የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይላል። ትልቅ ኩባንያ ከመጣ ሪፖርቱን በደብዳቤ ጠይቁ።

ቢሮ ስትገቡ ስለ ውበት ብዙ አታውሩ። ስለ ውሃ አውሩ። የኖራ ድንጋይ ውሃን በስንጥቁ ቶሎ ያሳልፋል፣ በደንብ አያጣራውም። እኛ ድሬዎች ከጉድጓድ ነው የምንጠጣው፣ ሳቢያን አካባቢ ካሉት ጭምር። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የሟሟ ኮረብታ ነው። የሽንት ቤትና የቆሻሻ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውሃችን ገብቶ ናይትሬት የሚባለው በካይ ከፍ ማለቱም በጥናት ታይቷል። እናንተም ከኮረብታው ሥር ምንጭ ካለ የክረምትና የበጋ መጠኑን በባልዲና በሰዓት ለኩ። ባልዲው በስንት ሰከንድ ሞላ? ይህንን በየወሩ የያዘ ደብተር ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ስለ ምዝገባ አትቸኩሉ። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለመመሥረት አምስት ሰው ይበቃል። ግን ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና ማህተም ይዞ ሥራ የሌለው ማኅበር ስንቱን አየን? ለጊዜው በትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ሥር ሁኑ። ካርታው ሲያልቅ ማን እንደሚሠራና ማን ለፎቶ እንደሚመጣ ይለያል፣ ያኔ ተመዝገቡ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባላት የቆመ ነው፤ ለምክር እነሱን ፈልጓቸው።

ተማሪ ይዘሽ ስለምትገቢ ይቺን አጥብቀሽ ያዢ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፣ ለአንድ ሰው ሁለት የእጅ ባትሪ፣ ሄልሜት፣ ውጭ ደግሞ የመመለሻ ሰዓታችሁን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ። ሻማና ችቦ አይገባም፤ ጭሱ ግድግዳውን ያጠቁራል፣ አየሩንም ይበላል። ዝናብ ሲኖር አትግቡ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ከተማችንን ሲጠርጋት ውሃው የመጣው ከላይ ከተራራው ነበር። ጠባብ ዋሻ ውስጥ መሸሻ የለም።

እኛ የምንጠቀምበትን የመለኪያ ቅጽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። በበጋ ቅዳሜዎች ብትጀምሩ ግንቦት ሳያልቅ ዋናው መተላለፊያ ይለካላችኋል። የጎን ቀዳዳዎቹን ለሚቀጥለው ዓመት ተዉአቸው።