በየማታው በምሥራቅ የሚንቦገቦገው ደማቅ ብርሃን ምንድን ነው? ለተነሣው ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ለሦስት ተከታታይ ምሽቶች፣ ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ጠጋ ብሎ ኃይለኛ ብርሃን ይታያል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየቀያየረ ይንቦገቦጋል። ባለበት ትንሽ የሚወዛወዝም ይመስላል። በስልክ ዙም ሲደረግ ክብ ሆኖ ውስጡ መስመር መስመር ያሳያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከፍ ብሎ ይገኛል። ድሮን ነው ወይስ ሳተላይት?

ሁለቱም አይመስለኝም። በዚህ መግለጫ መሠረት ሲርየስ የተባለው ኮከብ የመሆኑ ዕድል ከሁሉም ይሰፋል። በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ እሱ ነው። ሆኖም ስሙን ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ ራስዎ የሚያረጋግጡበትን መንገድ ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ ቀለሙንና ድምቀቱን ለጊዜው ይተዉት። ሰውን የሚያስደንቁት እነሱ ናቸው፤ ለመለየት ግን ብዙ አይረዱም። ማንነቱን የሚያጋልጠው አካሄዱ ነው። ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ጋር ጀርባዎን አስደግፈው ይቁሙ፤ ብርሃኑ የጣሪያ ጠርዝ ወይም የመብራት እንጨት ጫፍ ሊነካ እስኪል ድረስ ቦታዎን ያስተካክሉ፤ አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ 4 ደቂቃ ይጠብቁ። ምድር ስለምትሽከረከር ሰማዩ በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፣ በ4 ደቂቃ ደግሞ 1 ዲግሪ። ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ሲያዩት የትንሿ ጣትዎ ውፍረት ማለት ነው። ብርሃኑ ይህን ያህል ከጠርዙ ፈቀቅ ካለ ከሰማዩ ጋር አብሮ እየዞረ ነው፤ ኮከብ ወይም ፕላኔት ነው። ምሥራቅ ላይ ሆኖ ለአንድ ሰዓት ያህል ከቦታው ንቅንቅ ካላለ በምድር ላይ ያለ መብራት ነው፦ የማማ፣ የተራራ ወይም የሩቅ ሕንፃ። በደቂቃ ውስጥ ብዙ ከተጓዘ አውሮፕላን ወይም ሳተላይት ነው።

ይህ ሙከራ "ይወዛወዛል" ያሉትንም ይፈታል። በጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ብርሃን ላይ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ብርሃኑ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ዓይን ሳናውቀው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ አጠገቡ የሚያመሳክረው ቋሚ ነገር ስለሌለ አእምሮ እንቅስቃሴውን ለብርሃኑ ይሰጠዋል። የጣሪያው ጠርዝ አጠገቡ ሲሆን ውዝዋዜው ይጠፋል። ካልጠፋ ያኔ ነገሩ በእርግጥ ትኩረት ይፈልጋል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ መገኘቱን ጽፈዋል። ከመልእክትዎ ሁሉ ጠቃሚው መረጃ ይህ ነው። በሚቀጥለው ምሽት በጡጫ ይለኩት፦ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ስፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጡጫ ተኩል ያህል መጓዝ አለበት። ሰዓቱንም ይመዝግቡ። ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይወጣል፤ በ15 ቀን 1 ሰዓት፣ በወር 2 ሰዓት ይቀድማል ማለት ነው። የተለመዱት ትናንሽ ድሮኖች ባትሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚቆይ ሰዓታት ሙሉ እየወጣ፣ በየማታውም ይህን ሥርዓት ጠብቆ የሚመላለስ ድሮን አይኖርም። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ባሉበት የቆሙ የሚመስሉት ሳተላይቶች ደግሞ በጣም ደብዛዛ ስለሆኑ በዓይን አይታዩም።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለሆነ (ሲርየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል) ብርሃኑ የሚደርሰን እንደ አንዲት ነጥብ ሆኖ ነው። በአየር ውስጥ ሙቀታቸው የተለያየ ሞገዶች ይህን ቀጭን ጨረር ወዲያና ወዲህ ያጥፉታል፤ ቀይና ሰማያዊው ብርሃን እኩል ስለማይታጠፉ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ወደ ዓይናችን ይደርሳል። ከአድማስ በ10 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ ኮከብ ብርሃን ከአናት በላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ5 እጥፍ በላይ አየር ያቋርጣል። ሲወጣ ቀለሙ የሚያብደው፣ ከፍ ሲል ግን ረግቶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደብዛዛ ከዋክብትም እንዲሁ ይቀያየራሉ፤ ቀለማቸውን ለመለየት ግን ብርሃናቸው ለዓይን አይበቃም።

ለማረጋገጥ ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ በአንድ መስመር ተሰልፈው በእኩል ርቀት የሚታዩትን ሦስት ከዋክብት ይፈልጉ። ምሥራቅ ሲወጡ ከእርስዎ ብርሃን ቀድመው ስለሚወጡ ከሱ በላይ ይሆናሉ። የሦስቱን መስመር ወደ አድማሱ በኩል ሁለት ጡጫ ያህል (20 ዲግሪ ገደማ) ያስረዝሙት፤ የሚያርፈው ሲርየስ አካባቢ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ካስረዘሙት አልደባራን የተባለው ብርቱካናማ ኮከብ አካባቢ ያደርስዎታል። ሁለቱም ከገጠሙ ጉዳዩ አለቀ። የእርስዎ ብርሃን ሰሜን ምሥራቅ ላይ ቢሆን ኖሮ ካፔላ የተባለውን ኮከብ እጠረጥር ነበር፤ እሱም ዝቅ ሲል በዚሁ መልክ ይንቦገቦጋል።

መስመሩ ካልገጠመ ፕላኔት እንጠርጥር። ቬነስን ከወዲሁ መሰረዝ ይቻላል። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት እሷው ስትሆን ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማትርቅ ማታ የምትታየው በምዕራብ፣ ንጋት ላይ በምሥራቅ ብቻ ነው። ማታ በምሥራቅ ፈጽሞ አትወጣም። ጁፒተር ግን ይወጣል፤ ከሲርየስም ይደምቃል። ብርሃኑ ረጋ ያለ ነው፤ ከምድር ሲታይ ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ስለሆነ ከአንዱ ጠርዝ የሚመጣው ብርሃን ሲደክም የሌላው ይተካዋል። ባይኖኩላር ካለ 10 ጊዜ የሚያጎላውን በግንብ ላይ አስደግፈው ይመልከቱ፤ በእጅ ከያዙት ይንቀጠቀጥና ምንም አያሳይም። ጁፒተር ከሆነ ከጎኑ በአንድ መስመር ላይ እስከ አራት ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፣ በማግስቱም ቦታ ይለውጣሉ። እነዚህ ጨረቃዎቹ ናቸው። ማርስ በየ26 ወሩ ገደማ ወደ ምድር ሲቀርብ ብቻ ነው እንደዚህ የሚደምቀው፤ ብርቱካናማነቱ አይቀየርም።

የሚጓዙትን ባጭሩ ላንሣ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሰማዩን በጥቂት ደቂቃ ያቋርጣል፤ ብልጭ ድርግም አይልም፤ አንዳንዴ መሀል ሰማይ ላይ ሳለ የምድር ጥላ ውስጥ ስለሚገባ ብን ብሎ ይጠፋል። በሰልፍ የሚሄዱ ብዙ ነጥቦች በቅርቡ የተላኩ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። በቀጥታ ወደ እርስዎ የሚመጣ አውሮፕላን መብራቱን አብርቶ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ይመስላል፤ ቆይቶ ሲታጠፍ በግራ ክንፉ ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ መብራት ይለያል።

ስለ ስልኩ ምስል፦ ያ መስመር ያለበት ክብ የነገሩ ቅርጽ አይደለም። ካሜራው ጨለማ ውስጥ ፎከስ የሚያደርግበት ነገር ስለሚያጣ ይስታል፤ ነጥቧ ተዘርግታ የሌንሱን ክብ ቅርጽ ትይዛለች፤ መስመሮቹም በሌንሱ ላይ ያለ አቧራና ጭረት ወይም የሚናወጠው አየር ናቸው። ይልቅስ ይህን ይሞክሩ፦ በፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ በሚያስተካክሉበት አሠራር) ፎከሱን ወደ መጨረሻው ርቀት ያድርጉ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) 800፣ የመዝጊያ ጊዜ 1 ሴኮንድ ያድርጉ፤ ምስሉ በሚነሣበት ቅጽበት ስልኩን ወደ ጎን ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ዝቅ ያለ ኮከብ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ መስመር ይሠራል። ፕላኔት አንድ ወጥ መስመር ይሠራል። ብልጭታ ያለው ሰው ሠራሽ መብራት ደግሞ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ሰረዞች ይተዋል። የኮከብ መንቦግቦግ እኩል የጊዜ ልዩነት የለውም፣ የመብራት ብልጭታ ግን አለው፤ ለዚህ ነው ሙከራው የማያሻማው።

ስቴላሪየም የተባለው የሰማይ ካርታ አፕ ስሙን በቀጥታ ይነግራል፤ ችግሩ የስልኩ ኮምፓስ ነው። መኪና ወይም ብረት በር አጠገብ፣ ማግኔት ያለው ሽፋን ውስጥም ከሆነ አቅጣጫውን ይስታል፤ ከዚያ ሰው አጠገቡ ያለውን የሌላ ኮከብ ስም ይዞ ይሄዳል። ሽፋኑን አውልቀው፣ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ አዙረው፣ መጀመሪያ በጨረቃ ላይ ይፈትሹት። ጨረቃዋ በስክሪኑ ላይ ከእውነተኛዋ ጋር ካልገጠመች ኮምፓሱን ይዝጉና አድማሱን በእጅዎ እየጎተቱ ያስተካክሉ። የአፑ ቦታና ሰዓት ትክክል መሆናቸውንም ይመልከቱ።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተለየ ይመለሱና የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ የቆሙበትን ከተማ፣ አቅጣጫውን፣ ከአድማስ በስንት ጡጫ ከፍታ እንዳለና ከአንድ ሰዓት በኋላ በስንት ጡጫ እንደተጓዘ ይጻፉልን። ከእነዚህ ተነሥቶ በዚያች ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበር ማስላት ይቻላል።