በግራ እጄ የተቀበልኩት ፕራሳድ

ለትምህርት ወደ ህንድ ለመሄድ የተሰናዳው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ቤተ መቅደሳቸው ወስደው ምግብ ቢሰጡኝ ልብላ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ቪዛና ስለ ስንቅ ልመክረው ተዘጋጅቼ ነበርና መልስ አጣሁ።

በታሚል ናዱ ግዛት ምሕንድስና ስማር የክፍል ጓደኛዬ እናት ማዱራይ ከተማ ወደሚገኘው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ወሰዱኝ። ጫማ አውልቆ መግባቱ አልከበደኝም፤ ደጀ ሰላም ያደገ ሰው በዚህ አይቸገርም። በየምሽቱ ከ3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ካህናቱ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ናዳስዋራም የተባለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ እየተነፋና ዕጣን እየጨሰ፣ የሂንዱዎች አምላክ የሆነውን የሺቫን የእግር ምስል ተሸክመው፣ ከባለቤቱ ከሚናክሺ ጋር እንዲያድር ወደ እርሷ ክፍል ያደርሱታል፤ ሲነጋም ይመልሱታል። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ውስጠኛው መቅደስ ስለማይገባ እኔ ከአዕማዱ መካከል ቀረሁ። ቅር እንዳለኝ ያየው ጓደኛዬ፣ በትውልዳቸው ዝቅ ተደርገው ይታዩና «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ወገኖች የዚያው እምነት ተከታዮች ሆነው ሳለ እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዳይገቡ ተከልክለው እንደነበር ነገረኝ።

እናቲቱ ነጭ አመድ ግንባራቸውን ተቀብተው፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ይዘውልኝ ወጡ። ፕራሳድ ይባላል፤ ለአምላክ ቀርቦ ለምእመናን የሚታደል በረከት ነውና ከእኛ ጸበል ጸዲቅ ብዙም አይርቅም። ቀኝ እጄ ካሜራ ይዞ ስለነበር በግራዬ ተቀበልኳቸው፤ ያውም ግራ እጅ በዚያ አገር እንደ ነውር መቆጠሩን እያወቅሁ። ወዲያው «ለጣዖት የተሠዋ አትብላ» የሚለው የአባቴ ተግሣጽ ትዝ አለኝና ያላዩኝ መስሎኝ ከምሰሶ ሥር አኖርኩት። አይተውኛል። ምንም አልተናገሩም፤ ቤት ስንደርስም እንደ ወትሮው እራት አቀረቡልኝ።

አለመብላቴ አይጸጽተኝም፤ ዛሬም ቢሆን የምበላው አይመስለኝም። ይሁንና ይህን ስጽፍ፣ አንድ ጉርሻ ምን ይጎዳኝ ነበር እላለሁ። እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ሁሉን በስልክ ለመቅረጽ ስለምትጣደፉ እጃችሁ ከእኔም የባሰ ሥራ ይበዛበታል፤ ደግነቱ አሁን እዚያ ስልክ ይዞ መግባት ተከልክሏል። ስለ መብላቱ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ የምልህ ግን ቀኝህን ከላይ፣ ግራህን ከሥር አድርገህ ተቀበል፣ የማትበላም ከሆነ ፊት ለፊት ንገራቸው ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ እኒያ እናት ሙዝም ሆነ ማንጎ ሲሰጡኝ፣ ሁልጊዜ አስቀድመው «ከገበያ የተገዛ ነው» ይሉኝ ነበር።